ሄኖክና ኩፋሌ በኩምራን ዋሻ

ከኢየሩሳሌም ወደ ሙት ባሕር የሚወስደው መንገድ ቁልቁለት ነው። መኪናው በይሁዳ ምድረ በዳ እጥፋቶች መካከል እየተጠማዘዘ ሲወርድ ጆሮ ይደፈናል፤ ሙቀቱም እየበረታ ይሄዳል። ከባሕር ወለል በታች ከ400 ሜትር በላይ ዝቅ ያለው ሐይቅ ዳር ሲደረስ በስተ ምዕራብ ቀጥ ያለ ገደል፣ በገደሉ ሥር ደግሞ የነጣ አፈር አምባ ይታያል። ኩምራን ይህ ነው። በአምባው ላይ የቀሩት የድንጋይ ግድግዳዎች፣ የውኃ ቦዮችና ደረጃ ያላቸው የመንጻት ገንዳዎች ናቸው። ከአምባው ጫፍ ቆሞ ደረቁን ሸለቆ አሻግሮ የሚመለከት ሰው ከፊቱ ባለው የአፈር ግንባር ላይ ጥቁር ቀዳዳዎች ያያል። አራተኛው ዋሻ የሚባለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ1952 ከዚህ ዋሻ ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ብጣሾች ወጡ። ተለይተው ሲገጣጠሙ ከ500 በላይ የጽሑፍ ቅጂዎች ቅሪት መሆናቸው ታወቀ።

ወደዚህ የሚመጣ ጎብኚ ታሪኩን በከፊል ሰምቶት ነው የሚመጣው። የጠፋች ፍየል የሚፈልግ እረኛ፣ ወደ ዋሻ የተወረወረ ድንጋይ፣ ከውስጥ የተሰማ የሸክላ ስብራት። ብራናዎቹ ምን እንደሚሉ ግን ጠይቆ የሚመለስ ጥቂት ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ከሌላው ሰው ይልቅ የቀረበ ሊሆን ይገባ ነበር። ከእነዚያ ብጣሾች መካከል መጽሐፈ ኩፋሌና መጽሐፈ ሄኖክ ይገኛሉና።

## ከቤተ ልሔም ገበያ እስከ ዎል ስትሪት

የመጀመሪያዎቹን ጥቅልሎች ያገኙት የታዓምሬ ጎሳ ዘላኖች ናቸው። በ1947 ወደ ቤተ ልሔም ወስደው ጫማ ሰፊም አሮጌ ዕቃ ነጋዴም ለነበረ ሰው አሳዩት። ከሰባቱ ጥቅልሎች አራቱ ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሶርያ ኦርቶዶክስ ገዳም ሜትሮፖሊታን እጅ ገቡ። ሦስቱን የዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ኤልዓዛር ሱኬኒክ ገዛ፤ ግዢውን የጀመረውም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 29 ቀን 1947፣ የተባበሩት መንግሥታት ፍልስጥኤምን ለመክፈል ድምፅ በሰጠበት ዕለት ነበር። አራቱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ አሜሪካ ተሻገሩ፤ በ1954 ዎል ስትሪት ጆርናል ላይ እንደ ማንኛውም ሸቀጥ ማስታወቂያ ወጣላቸው። የሱኬኒክ ልጅ ይጋኤል ያዲን በሌላ ሰው ስም በ250 ሺህ ዶላር ገዝቶ መለሳቸው።

እስከ 1956 ድረስ ብራና የተገኘባቸው ዋሻዎች 11 ደረሱ። የቅጂዎቹ ብዛት ከ900 በላይ ነው። ዕድሜያቸው በአብዛኛው ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሮማውያን ኩምራንን እስካጠፉበት እስከ 68 ዓ.ም. አካባቢ ይደርሳል። የተጻፉት በዕብራይስጥና በአራማይክ፣ ጥቂቶቹም በግሪክኛ ነው።

ሙሉ ሆነው የተገኙት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀረው ብጣሽ ነው፤ አንዳንዱ ከአውራ ጣት ጥፍር አይበልጥም።

## የብጣሾቹ ክፍል

በ1950ዎቹ ያ ሁሉ ብጣሽ በምሥራቅ ኢየሩሳሌም በሚገኘው፣ ዛሬ ሮክፌለር በሚባለው ሙዚየም ውስጥ በአንድ ረጅም ክፍል ተዘረጋ። የዘመኑን ፎቶግራፎች የተመለከተ ሰው በጠረጴዛዎች ላይ የተደረደሩ የመስታወት ገበታዎችን፣ በላያቸው አጎንብሰው የሚለቅሙ ጥቂት ሊቃውንትን ያያል። የእጅ ጽሑፉን መልክ፣ የቆዳውን ቀለም፣ የመስመሩን ስፋት እያዩ አንዱን ብጣሽ ከሌላው ያጋጥሙ ነበር። የተጋጠመውን ያያያዙት በተራ ፕላስተር ነው፤ በጊዜው ከዚያ የተሻለ ዘዴ አልታያቸውም። የፕላስተሩ ሙጫ ግን ወደ ቆዳው ሰርጎ ገባና ፊደሉን አጠቆረው። ዛሬ የጥበቃ ባለሙያዎች ያንን ሙጫ በቀጭን መሣሪያ ሚሊሜትር በሚሊሜትር ሲያነሡ ይውላሉ። ሥራው አሥርት ዓመታት የወሰደ ሲሆን አሁንም ቀጥሏል።

ኅትመቱም እጅግ ዘገየ። የአራተኛው ዋሻ ብጣሾች በጥቂት ሰዎች እጅ ተይዘው ቆይተው ፎቶግራፎቹ ለማንኛውም ተመራማሪ ክፍት የሆኑት በ1991 ነው። በዚህ መዘግየት ብዙዎች ተቆጥተዋል፤ ልክ ነበሩ። አንድ ትውልድ ሙሉ የጥያቄውን መልስ ሳያይ አልፏል።

ከዚያ ወዲህ መሣሪያው ተሻሽሏል። ዓይን የማያየውን ቀለም የሚያወጣ ፎቶግራፍ አለ። በ2020 የወጣ ጥናት ከብጣሾቹ ቆዳ የዘር ቅንጣት (ዲ ኤን ኤ) ወስዶ አብዛኛው የበግ ቆዳ መሆኑን፣ አንዳንዱ ግን የከብት መሆኑን አሳየ። በዚያ በረሃ ላም አይረባም። ስለዚህ በከብት ቆዳ ላይ የተጻፈው ትንቢተ ኤርምያስ ከሌላ ቦታ ተጽፎ የመጣ ሳይሆን አይቀርም፤ ዋሻዎቹም የአንድ መንደር መጻሕፍት ብቻ ማስቀመጫ አልነበሩም ማለት ነው። በ2025 ደግሞ የጽሕፈቱን መልክ እያየ ዕድሜውን የሚገምት የኮምፒውተር ፕሮግራም ይፋ ሆነ፤ ብዙዎቹን ብራናዎች ከተገመተው ወደ ኋላ አርቋቸዋል። ሠሪዎቹ ፕሮግራሙን «ሄኖክ» ብለው ሰየሙት።

## ገና ያልተዘጋው መጽሐፍ

ከመጀመሪያው ዋሻ የወጣው ትልቁ የኢሳይያስ ጥቅልል ከ7 ሜትር በላይ ይረዝማል። 66ቱም ምዕራፎች አሉበት። ከዚያ በፊት ከሚታወቁት የዕብራይስጥ ብሉይ ኪዳን ሙሉ ቅጂዎች አንድ ሺህ ዓመት ይቀድማል። ሰው ሁሉ መጀመሪያ የጠየቀው «ተለውጧል ወይስ አልተለወጠም?» ብሎ ነበር። ብዙው ቃል እንዳለ መገኘቱ ለብዙ ምእመናን ደስታ ሆነ፤ ደስታውም መሠረት ያለው ነበር።

ግን ከኢሳይያስ ወደ ኤርምያስ ሲኬድ ሌላ ነገር ይገጥማል። በአራተኛው ዋሻ ሁለት ዓይነት ኤርምያስ ተገኘ። አንደኛው ዛሬ አይሁድ የሚያነቡት ረጅሙ ነው። ሁለተኛው በግሪኩ ሰብዓ ሊቃናት ትርጉም ብቻ ይታወቅ የነበረው፣ ከረጅሙ በአንድ ስምንተኛ ያህል የሚያጥረውና የቅደም ተከተል ልዩነት ያለው ነው። ከዚያ በፊት አንዳንዶች የግሪኩ ተርጓሚ ቆርጦ ጥሏል ይሉ ነበር። አልቆረጠም። በፊቱ የነበረው ዕብራይስጥ ራሱ አጭር ነበር። ሁለቱንም በአንድ ዋሻ ውስጥ ያስቀመጡት ሰዎች አንዱን ለማጥፋት አልሞከሩም።

> ሁለቱ ኤርምያሶች በአንድ ዋሻ ኖረዋል፤ አንዱን ለማጥፋት የሞከረ አልነበረም።

ዳዊት የደገመ ኢትዮጵያዊ ሁሉ 151ኛውን መዝሙር ያውቀዋል፤ ከወንድሞቹ ታናሽ የሆነው እረኛ ስለ ራሱና ስለ ጎልያድ የሚናገርበትን። በዕብራይስጡ መዝሙረ ዳዊት የለም። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ አንድ ግሪክኛ ተናጋሪ የጨመረው ሊሆን ይችላል ይባል ነበር። በ11ኛው ዋሻ የተገኘው የመዝሙር ጥቅልል ግን በዕብራይስጥ ይዞታል፤ ያውም ኋላ አንድ የሆኑትን ሁለት መዝሙሮች ለየብቻቸው አድርጎ። በዚያው ጥቅልል የመዝሙሮቹ ቅደም ተከተል እኛ ከለመድነው ይለያል። የመዝሙር መጽሐፍ እንኳ በዚያ ዘመን ገና በአንድ መልክ አልጸናም ነበር።

ከአስቴር በስተቀር የዕብራይስጥ ብሉይ ኪዳን መጻሕፍት ሁሉ ቢያንስ በብጣሽ ተገኝተዋል። ብዙ ቅጂ ያላቸው መዝሙር፣ ዘዳግምና ኢሳይያስ ናቸው። መጽሐፈ ኩፋሌም ወደ 15 በሚጠጉ ቅጂዎች ተገኝቷል፤ ይህ ከብዙዎቹ ነቢያት ይበልጣል። ሄኖክ በአራማይክ በ11 ቅጂዎች ወጥቷል። ከኩምራን ሰዎች ሕግጋት አንዱ ኩፋሌን እንደ ማስረጃ መጽሐፍ ይጠቅሰዋል። «የተጨመሩ» ወይም «ከዳር ያሉ» እየተባሉ የኖሩት ሁለቱ መጻሕፍት በዚያ ማኅበር መካከል ነበሩ።

## በቀን ላይ የተነሣ ጠብ

ለምን ኩፋሌ? መልሱ ከሃይማኖት ክርክሮች ሁሉ የማይታረቀውን ይነካል፤ በዓል መቼ ነው?

በኩፋሌና በሄኖክ ዓመቱ 364 ቀን ነው። 364 ለሰባት እኩል ይካፈላል፤ 52 ሳምንት ይሆናል። በዚህ አቆጣጠር ዓመቱ ሁልጊዜ ረቡዕ ይብታል፣ ብርሃናት የተፈጠሩበት ቀን ነውና። እያንዳንዱም በዓል በየዓመቱ በዚያው ቀን ይውላል፤ ከሰንበት ጋር ፈጽሞ አይጋጭም። ኩፋሌ ጨረቃን እያዩ በዓል የሚወስኑትን በብርቱ ይገሥጻል፤ የተቀደሰውን ቀን ያረክሳሉ ይላቸዋል። በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ ግን ቆጠራው ጨረቃን የሚከተል ነበር።

ውጤቱን ከኩምራን በተገኘ የዕንባቆም ትርጓሜ ላይ እናየዋለን። «የጽድቅ መምህር» የሚባለውን መሪያቸውን «ክፉው ካህን» በስደት ቦታው ድረስ ተከታትሎ መጣበት ይላል፤ የመጣበትም ቀን የስርየት ቀን ነው። «ክፉው ካህን» ሊቀ ካህናት ከነበረ በዚያ ቀን ከመቅደሱ ወጥቶ ሊጓዝ አይችልም። እንግዲህ ለአንዱ የጾም ቀን የነበረው ለሌላው ተራ ቀን ነበር። አንድ ኦሪት የሚያነቡ፣ ለአንድ አምላክ የሚሰግዱ ሰዎች በአንድ ከተማና በዙሪያዋ እየኖሩ በተለያየ ቀን ይጾሙ ነበር።

ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ አንባቢ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ይላል። የእኛ ዓመት ጳጉሜን ጨምሮ 365 ቀን፣ በየአራት ዓመቱም 366 ነው። ቤተ ክርስቲያኗ ኩፋሌን በሰማንያ አሐዱ ውስጥ ጠበቀችው እንጂ ቆጠራውን አልተከተለችም። መጽሐፍን ማክበርና በመጽሐፉ ክርክር ተሳታፊ መሆን ሁለት ነገር ነው።

## ጉድጓድ የገባው በግ

በወንጌል ጌታ ፈሪሳውያንን፣ በጉ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባበት ከእናንተ የማያወጣው ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ፣ ለብዙ ዘመን አንባቢ መልሱ ግልጽ መስሎት አልፏል። ማንም ያወጣዋል! ብራናዎቹ ግን የማያወጡ ሰዎች እንደ ነበሩ አሳዩ። «የደማስቆ ሰነድ» የሚባለው ሕግ እንስሳ በሰንበት ጉድጓድ ቢገባ አይውጣ ይላል። የወንጌሉ ጥያቄ በባዶ አልተነሣም፤ በሕያው ክርክር መካከል የተነገረ ነው። ፈሪሳውያንም በዚህ ሚዛን ከአጥባቂዎቹ ሁሉ አጥባቂ አልነበሩም። በበረሃው ዳር ከእነርሱ የጠነከሩ ነበሩ።

ሌላ ደብዳቤ መሰል ጽሑፍ ሃያ በሚያህሉ የንጽሕና ጉዳዮች ላይ ይከራከራል። አንዱ ይህ ነው፤ ከንጹሕ ዕቃ ወደ ርኩስ ዕቃ ውኃ ሲፈስ ርኩሰቱ በሚወርደው ውኃ ወደ ላይ ይወጣል ወይስ አይወጣም? ጸሐፊዎቹ ይወጣል ይላሉ። በኋላ በተጻፉት የራቢዎች መጻሕፍት ይህ ጥያቄ በሰዱቃውያንና በፈሪሳውያን መካከል እንደ ተነሣ ተጽፏል። ነገሩ ለዛሬ ሰው ጥቃቅን ሊመስል ይችላል። ለእነርሱ ግን እግዚአብሔር በመካከላቸው ያድራል ወይስ አያድርም የሚለው ጥያቄ ነበር፤ ለዚህም ቤታቸውን ጥለው ወጥተዋል።

የኩምራን ሰዎች እነማን ናቸው? አብዛኞቹ ሊቃውንት ኤሴናውያን ይሏቸዋል፤ የሮማዊው ፕሊኒዮስ ጽሑፍ ኤሴናውያንን ከሙት ባሕር በስተ ምዕራብ ያስቀምጣልና። አንዳንድ አርኪዮሎጂስቶች ግን ፍርስራሹንና ብራናዎቹን ለይተው ማየት ይሻላል፣ መጻሕፍቱ ከኢየሩሳሌም የሸሹ ሰዎች የደበቋቸው ሊሆኑ ይችላሉ ይላሉ። የከብቱ ቆዳ ለኋለኞቹ ትንሽ ይረዳል። ይሁንና የማኅበሩ ሕግ፣ የቀን አቆጣጠሩና የመንጻት ገንዳዎቹ አብረው ሲታዩ አንድ አጥባቂ ማኅበር በዚያ መኖሩ የበለጠ አሳማኝ ሆኖ ይታየኛል።

## የአባይ ደሴት

በአይሁድ መካከል የነበረው የሥርዓት ልዩነት በኩምራን አልጀመረም። ከዚያ ሦስት መቶ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አስዋን አጠገብ አባይ መካከል ባለችው ኤሌፋንታይን ደሴት፣ ለፋርስ ንጉሥ የሚያገለግሉ የአይሁድ ወታደሮች ከነቤተሰባቸው ይኖሩ ነበር። በአራማይክ የጻፏቸው ፓፒረሶች ተገኝተዋል፤ የጋብቻ ውል፣ የቤት ሽያጭ፣ የብድር ሰነድ። ሚብጣህያ የምትባል ሴት በራሷ ስም ቤት ነበራት። የጋብቻ ውሎቹ ሚስት ባሏን ልትፈታ እንደምትችል ይደነግጋሉ።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ለእግዚአብሔር የሠሩት የራሳቸው መቅደስ፣ መሥዋዕትም የሚቀርብበት፣ የነበራቸው መሆኑ ነው። ዘዳግም መሥዋዕት በአንድ ቦታ ብቻ እንዲሆን ያዛል። በደሴቲቱ ጽሑፎች ውስጥ የሙሴ ስም አይገኝም። ሰንበትና ፋሲካ ግን ይጠቀሳሉ። በ410 ከክርስቶስ ልደት በፊት የክኑም ጣዖት ካህናት ከአካባቢው ገዥ ጋር ተባብረው መቅደሱን አፈረሱት። ማኅበሩ ማቅ ለብሶ ጾመ፤ ከሦስት ዓመት በኋላም ለይሁዳ ገዥ ለባጎሂ አቤቱታ ጻፈ። መልሱ መቅደሱን ሥሩ፣ የእህል ቁርባንና ዕጣንም አቅርቡ የሚል ነበር፤ የሚቃጠል የእንስሳ መሥዋዕትን ግን አላነሣም።

ከፓፒረሶቹ መካከል የጠቢቡ የአሂቃር ታሪክና ምክርም ተገኝቷል። ከእነዚያ ምክሮች ጥቂቶቹ በግዕዙ መጽሐፈ ፈላስፋ ጠቢባን ውስጥ ይገኛሉ።

አንዳንድ ጸሐፊዎች የቤተ እስራኤል፣ ማለትም የኢትዮጵያ አይሁድ፣ አባቶች ከዚህች ደሴት አባይን ተከትለው ወጡ ይላሉ። ይህን የሚያረጋግጥ ሰነድ የለም።

## በግዕዝ የቆየው

በ70 ዓ.ም. ቤተ መቅደሱ ሲቃጠል የክርክሩ መድረክ አብሮ ወደመ። ከፈሪሳውያን ወገን የወጡት ራቢዎች ቀስ በቀስ ሚሽናን፣ ከዚያም ታልሙድን አዘጋጁ፤ ዛሬ ዓለም ይሁዲነት ብሎ የሚያውቀው በዚህ መሠረት ላይ የቆመውን ነው። ኩፋሌና ሄኖክ ከእጃቸው ወጡ። በግሪክና በላቲን ዓለምም ቀስ በቀስ ጠፉ፤ የቀረው ክፍል ክፍሉ ነው። ሁለቱ መጻሕፍት ሙሉ ሆነው የቀሩት በግዕዝ ብቻ ነው።

የቀሩትም በሰው እጅ ነው። በአክሱም ዘመን ከግሪክ ወደ ግዕዝ ተመለሱ፤ ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ ቅጂ የአንድ ቁም ጸሐፊ የወራት ድካም ነው። የፍየል ቆዳው ተዘፍዝፎ በእንጨት ማዕቀፍ ይወጠራል፤ ይፋቃል፤ ይደርቃል። በወስፌ ይሰመራል። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ይዘጋጃል፤ በመቃ ብዕር ይጻፋል። የኩምራን ጸሐፊዎችም ብራናቸውን ቀለም በሌለው ሹል ነገር አስምረው፣ በጥላሸት ቀለም ይጽፉ ነበር።

> ከኩምራን እስኪወጡ ድረስ ኩፋሌንና ሄኖክን በሙሉ የያዘ ቋንቋ ግዕዝ ብቻ ነበር፤ ዛሬም እንዲሁ ነው።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 የሄኖክን ቅጂዎች ወደ አውሮፓ ይዞ ሲመለስ፣ እዚያ መጽሐፉ ከጥቂት ጥቅሶች በስተቀር ጠፍቷል ይባል ነበር። የመጀመሪያው የእንግሊዝኛ ትርጉም በ1821 ታተመ። ያኔም ብዙዎች የግዕዙን ጽሑፍ በጥርጣሬ ያዩት ነበር። ከኩምራን የወጡት የዕብራይስጥ ኩፋሌ ብጣሾች ከግዕዙ ጋር ሲመሳከሩ ግን ግዕዙ፣ ያውም በግሪክ በኩል አልፎ የመጣው፣ በእጅጉ ታማኝ ሆኖ ተገኘ። ስማቸውን በብራናው ግርጌ እንኳ ያላስቀሩ ቁም ጸሐፊዎች ምስክርነታቸው ጸንቷል።

በገዳማትና በአድባራት ያሉ የመጻሕፍት መምህራን ለዚህ ግኝት ብዙም አይደነቁም። ለእነርሱ ሄኖክ ጠፍቶ አያውቅም፤ የተገኘው ፈረንጅ ጋ ነው። በእስራኤል ያሉ የቤተ እስራኤል ወጣቶች ጉዳዩን በሌላ ስሜት ይይዙታል። ወላጆቻቸው በዘመቻ ሙሴና በዘመቻ ሰሎሞን ሲገቡ፣ በራቢዎች ሕግ የቆመው ሥርዓት የማያውቀውን ይሁዲነት ይዘው ነበር የገቡት። ኦሪት በግዕዝ፣ ታልሙድ የሌለው፣ በቀሳውስት የሚመራ። ሰንበታቸው ከኩፋሌ የመጨረሻ ምዕራፍ ጋር የሚሄድ ጥብቅ ሰንበት ነበር። ሴቶቻቸው በወር አበባና በወሊድ ጊዜ ከመንደር ዳር ባለው የመርገም ጎጆ ይቆዩ ነበር። ከኩምራን የወጣው የመቅደስ ጥቅልልም በየከተማው ለእነዚህ ሴቶች የተለየ ቦታ እንዲዘጋጅ ያዛል።

ይህ ማለት ቤተ እስራኤል የኩምራን ሰዎች ልጆች ናቸው ማለት ነው? አይደለም። የታሪክ ሊቃውንት ሁለት ጎራ ናቸው። አንዱ ወገን ከጥንት የወረደ የአይሁድ ልማድ ያያል። ሌላው ሥርዓታቸውና መጻሕፍታቸው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ፣ ከኢትዮጵያ ክርስቲያኖች ጋር በነበረ ቅርበትና ግጭት ውስጥ ተቀረጹ ይላል፤ የግዕዙ ኦሪት የተመለሰው ከግሪክ መሆኑንም ያስታውሳል። ሽማግሌዎቹ ቄሶች ደግሞ ኦሪቱ ይበቃናል ብለው ክርክሩን ለሌላው ይተዉታል።

የትውልድ ሐረጉ ጥያቄ በብራናዎቹ አይፈታም፤ እንዲፈቱትም መጠየቅ የለባቸውም። አንድ ነገር ግን ፈትተዋል። ታልሙድ የማያውቅ፣ ኩፋሌን የሚያከብር፣ በቄስ የሚመራና በንጽሕና ሕግ የሚጸና ይሁዲነት ጎደሎ ይሁዲነት አይደለም። በኢየሩሳሌም ዙሪያ ለረጅም ዘመን የኖረ፣ የተጻፈና የተከራከረ ይሁዲነት ነው። ቤተ እስራኤልን «የእናንተ ከየት የመጣ ነው?» ብሎ በጥርጣሬ የጠየቀ ሁሉ ይህን ማወቅ ነበረበት።

## ያልተገኘው ክፍል

ከአራተኛው ዋሻ የወጣው አራማይክ ሄኖክ ከግዕዙ ጋር በሁሉም አይገጥምም። የሥነ ፈለኩ ክፍል በአራማይኩ ይረዝማል። ስለ ረዓይት፣ ማለትም ስለ ግዙፋኑ የሚናገር፣ በግዕዝ የሌለ ሌላ መጽሐፍ አብሮ ተገኝቷል። ከምዕራፍ 37 እስከ 71 ያለው፣ ስለ «ሰው ልጅ» በክብር ዙፋን መቀመጥ የሚናገረው የምሳሌዎቹ ክፍል ግን አንድ ብጣሽ እንኳ አልተገኘለትም። ብጣሾቹን ያሳተመው ሚሊክ ከዚህ ተነሥቶ ክፍሉን ዘግይቶ የገባ የክርስቲያን ድርሰት አደረገው። ዛሬ አብዛኞቹ ተመራማሪዎች አይስማሙም፤ በክርስቶስ ልደት ዘመን አካባቢ በአይሁድ እጅ የተጻፈ ነው ይላሉ።

እንዲህ ከሆነ ወንጌላውያን «የሰው ልጅ» ሲሉ አድማጮቻቸው ምን ይሰሙ እንደ ነበር የሚነግረን ዋና ማስረጃ በኢትዮጵያ ብራናዎች ላይ ብቻ ነው ያለው። ከሚታወቁት ቅጂዎች ቀደምት የሚባሉት ከ15ኛው ክፍለ ዘመን አካባቢ የመጡ ናቸው፤ እርስ በርሳቸውም ይለያያሉ። በ1973 የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች ማይክሮፊልም ሥራ በርካታ ቅጂዎችን በምስል አስቀርቷል፤ አዳዲስ የሄኖክ ኅትመቶችም ከእነዚያ ምስሎች እየተጠቀሙ ነው። በየገዳሙ ዕቃ ቤት ያሉትን ፎቶ አንሥቶ፣ ቅጂ ከቅጂ አመሳክሮ የትኛው ንባብ እንደሚቀድም መለየት ግዕዝ ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ዛሬ ከአዲስ አበባና ከጎንደር ይልቅ በአውሮፓና በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ወንበር ላይ መገኘቱ ያስቆጨኛል። የቅኔና የመጻሕፍት ቤት ተማሪዎች የግዕዙን ዕውቀት ይዘውታል፤ ዕብራይስጥና አራማይክ የሚጨምርላቸው ትምህርት ቢያገኙ ሥራውን የሚሠሩት እነርሱ ናቸው።